ሬይዱ ተነስቷል፣ ፓርቲሽኑ ግን በየት በኩል ነው የገባው? (ሴንትኦኤስ 7፣ ሬይድ 1)

ብርሃንና ጥላ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ፎቶ ቤት አለን፤ ከአባቴ የተረከብኩት ነው። ጓዳ ውስጥ አንዲት ሰርቨር አለች። ባለ 2 ቴራ ሁለት ዲስክ አላት፤ «አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፣ ሬይድ 1 ይባላል» ተብዬ ነው የተቀበልኳት። የጫናት ልጅ አሁን አገር ውስጥ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥምቀት ማግስት መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ አርጅቷል፣ ሰርቨሯም አብራ ጠፋች። መብራት ሲመጣ አስነሳኋት፤ መሃል ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆማ ቀጠለች። በሌላ ቀን ሳስነሳት ግን አልቆመችም። ስለዚህ ረሳሁት። የጥር ሠርግ ደግሞ መጣ፣ ማን ጊዜ አለው።

ዛሬ ስንት ቦታ እንደቀረኝ ላይ ብዬ ዲስኮቹን የሚዘረዝረውን ኤልኤስቢኤልኬ ጻፍኩ። ስልክ ላይ ስለሆንኩ በፊደላችን ልጻፈው፦

ኤስዲኤ በሚባለው ዲስክ ስር ኤስዲኤ1 እና ኤስዲኤ2 የሚባሉ ፓርቲሽኖች (ክፍልፋዮች) አሉ። ሩት (ሲስተሙ ራሱ ያለበት) የተሰቀለው ኤስዲኤ1 ላይ ነው።
ኤስዲቢ ስር ኤስዲቢ1፣ ኤስዲቢ2፣ ደግሞም ኤምዲ0 (ሬይዱ) አለ። በኤምዲ0 ስር ኤምዲ0ፒ1 እና ኤምዲ0ፒ2። የፎቶው ማህደር የተሰቀለው ኤምዲ0ፒ2 ላይ ነው።

የሬይዱን ሁኔታ የሚናገረው ኤምዲስታት ሁለት ዩ (በሥራ ላይ ያለ ዲስክ) ማሳየት ሲገባው አንድ ሰረዝና አንድ ዩ ያሳያል።

አንዱ ዲስክ ሞተ ማለት ነው? ከሞተስ ሩቱ እንዴት እሱ ላይ ሆኖ ይሠራል? ያው ፓርቲሽን ሁለት ሦስት ቦታ ለምን ይታያል?


ቶሎ መላሽ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:18

ቀላል ነው። ኤስዲኤ ከሬይዱ ወጥቷል። ኤምዲአድም (የሬይድ ማስተዳደሪያው) ላይ አድ ብለሽ መልሽው፣ ራሱ ይገለብጣል። 10 ደቂቃ ነው።


ትርፍ ዲስክ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:31

እህቴ፣ እባክሽ ምንም አትንኪ።

አሁን አድ ብትይ ደግነቱ እምቢ ይልሻል፤ ኤስዲኤ ሩትሽን ተሸክሟልና «ዲስኩ ተይዟል» ይላል። ከላይቭ ፍላሽ (ራሱን የቻለ ሲስተም ያለበት ፍላሽ) ተነስተሽ ብትሞክሪው ግን እሺ ይላል። ያኔ ነው ጉዱ።

ደግሞ 2 ቴራ በ10 ደቂቃ? በሴኮንድ 120 ሜጋባይት እንኳ ቢሄድ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ነው።

በሁለቱም ዲስኮች ላይ ኤምዲአድም ኤግዛሚን ብለሽ ሦስት ነገር ንገሪን፦ ቨርዥን፣ ኤቨንት (የለውጥ ቆጠራ)፣ መጨረሻ የታደሰበት ቀን። ማንበብ ብቻ ስለሆነ አይጎዳም።


ብርሃንና ጥላ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:52

ሁለቱም ቨርዥን 1.0 ይላሉ። ኤስዲኤ፦ ኤቨንት 48211፣ መጨረሻ የታደሰው መብራት የጠፋ ዕለት። ኤስዲቢ፦ ኤቨንት 61907፣ መጨረሻ የታደሰው ዛሬ፣ አሁን።


ቶሎ መላሽ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:55

ያልኩት ይኸው ነው እኮ። ኤቨንቱ የሚበልጠው አዲሱ ነው። ኤስዲቢ አዲስ፣ ኤስዲኤ አሮጌ። አሮጌውን ደምስሶ መገልበጥ ነው፣ ሌላ ምን አለው?


ጋሽ ኮንሶል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:40

ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ዲስክሽ አልሞተም። እኔ ይህን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንዱ በራሴ ጥፋት ነው።

ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት፣ ሲነሳ አዲስ ዲስክ ባየ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ሴክተሮች ያነባል። እዚያ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ካገኘ ኤስዲኤ1፣ ኤስዲኤ2 እያለ ይመዘግባል። ዲስኩ የሬይድ አባል ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ያ የኤምዲ፣ የከርነሉ ሬይድ ክፍል፣ ሥራ ነው፣ ኤምዲ ደግሞ ገና አልመጣም።

የሬይዱ መታወቂያ፣ ሱፐርብሎክ የምንለው፣ የሚቀመጥበት ቦታ እንደ ቨርዥኑ ነው። 1.1 የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነው። 1.2 ከመጀመሪያው 4 ኪሎባይት ገባ ብሎ ነው። 0.90 እና 1.0 ግን ጭራው ላይ ናቸው። ያንቺ 1.0 ነው። ልጁ ዲስኮቹን ሳይከፋፍል እንዳሉ አጣመራቸው፣ ከዚያ ኤምዲ0ን ከፋፈለው። መታወቂያው ጭራ ላይ ስለሆነ የኤምዲ0 ሴክተር ዜሮ የኤስዲኤም የኤስዲቢም ሴክተር ዜሮ ነው። አንድ ጓዳ፣ ሦስት በር።

በሰላሙ ቀን ችግር የለውም። ኢኒትራምኤፍኤስ (ሩት ከመሰቀሉ በፊት የሚነሳው ትንሽ ሲስተም) ውስጥ ኤምዲአድም ቀድሞ ይነሳል፣ ሁለቱንም ዲስክ ይይዛል። ዲስኩ በኤምዲ ከተያዘ ኤስዲኤ1 በዝርዝሩ ቢታይም ማውንት አይሆንም። ኤምዲ0 እንደ ጀመረ ሰንጠረዡ በእሱ በኩል እንደገና ይነበባል፤ ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክት) ላይ «ኤምዲ0፦ ፒ1 ፒ2» የሚል መስመር ታያለሽ። ለመሣሪያዎች ስም የሚሰጠው ዩዴቭም ያው ዩዩአይዲ (የፋይል ሲስተሙ መለያ) ሦስት ቦታ ሲታየው ለኤምዲው ቅድሚያ ይሰጣል።

ግን ይህ ሁሉ ኤምዲ ቀድሞ ከደረሰ ነው። ካልደረሰ ሩቱ በዩዩአይዲ ሲፈለግ ከጥሬዎቹ ዲስኮች አንዱ ላይ ይገኛል፤ ያንቺ ኤስዲኤ1 ላይ ተገኘና እሱ ተሰቀለ። ኤስዲኤ1 ከተሰቀለ ደግሞ ኤምዲ ኤስዲኤን መያዝ አይችልም። ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል።

ይህን የነገረችኝ ያቺ ግማሽ ደቂቃ ናት። ሲስተምዲ ባለበት ማሽን ላይ ሬይድ ሳይሟላ ሲቀር ጎደሎውን 30 ሴኮንድ ይጠብቃል። ካልመጣ ባለው ይነሳል። ኤስዲቢ ወንድሙን 30 ሴኮንድ ጠበቀው፣ ወንድሙ ሩት ተሸክሞ ተይዟል፣ ስለዚህ ብቻውን ተነሳ። በሁለተኛው ጊዜ «ብቻዬን ነኝ» ብሎ መዝግቧልና አልጠበቀም።

አሁን ወደ ኤቨንቱ። ቶሎ መላሽ፣ ያ ቁጥር የኤምዲ መዝገብ ነው። ኤምዲ ያላየው አይመዘገብም። ባለፉት አምስት ሳምንታት ኤስዲኤ1 ላይ የተጻፈው ሁሉ በኤምዲ በኩል አላለፈም። ስለዚህ ኤስዲኤ «አሮጌ» ይምሰል እንጂ ሩቱ ትኩስ ነው። ፎቶው ግን ትኩሱ ኤስዲቢ ላይ ነው። ሁለቱም አዲስ ናቸው፣ ሁለቱም አሮጌ ናቸው። አንዱን በሌላው ላይ ከገለበጥሽ የሆነ ነገር ይጠፋል።

አንድ ጥያቄ። ከመብራቱ በፊት፣ በቅርብ ወራት፣ ቡት የሚነካ ነገር ነክተሻል? መብራት ይህን አያደርግም። ያለውን ነው የሚገልጠው።


ቶሎ መላሽ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:47

እሺ፣ ይሄንን አላሰብኩትም። ምክሬን ሰርዙልኝ።


ብርሃንና ጥላ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:05

ጋሼ፣ ደነገጥኩ። የደንበኞች መዝገብና የክፍያው ዳታቤዝ ሩቱ ላይ ነው ያለው። የሠርጎቹ ፎቶ ደግሞ ሌላው ላይ።

አዎ፣ ነክቻለሁ። ታኅሣሥ ላይ ሲነሳ ጽሑፉ እንዲታየኝ ፈልጌ የግረብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይሉን ከፈትኩ። «ኳየት» የሚለውን አጠፋሁ። አጠገቡ የማይገባኝ ረጅም የቁጥርና የፊደል ክምር ነበረ፣ እሱንም አብሬ አጸዳሁት። ከዚያ ኮንፊጉን አዲስ ሠራሁ። ሰርቨሯን ግን አላስነሳኋትም፤ እስከዚያ መብራት ድረስ።


ትርፍ ዲስክ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:12

በቃ፣ ተገኘ። ያ ክምር «አርዲ ነጥብ ኤምዲ ነጥብ ዩዩአይዲ» የሚል ነው። ኢኒትራምኤፍኤሱን ለሚሠራው ለድራከት «ይህንን ሬይድ አስነሳ» የሚለው ትእዛዝ እሱ ነው።

ድራከት ድሮ ያገኘውን ሬይድ ሁሉ ራሱ ያስነሳ ነበር። ከቨርዥን 024 ወዲህ ግን በራሱ ማስነሳቱ ካልተፈቀደለት ዝግ ነው። ዩዩአይዲው ካልተነገረው ኤምዲን ጨርሶ ይተወዋል። ያንቺ ሩት ደግሞ ያለ ኤምዲም ስለተገኘለት ምንም አላጉረመረመም። 1.2 ቢሆን ኖሮ ጥሬው ዲስክ ላይ ሰንጠረዥ ስለማይታየው ያኔውኑ ሩት አጣሁ ብሎ ይቆም ነበር። ስትናደጂ በዚያው ታውቂው ነበር።

ሌላም አለ። ሴንትኦኤስ ላይ ድራከት ለዚያ ማሽን የሚያስፈልገውን ብቻ መርጦ ነው የሚያሽገው። በእነዚህ አምስት ሳምንታት ከርነል ታድሶ ከሆነ ሩቱ ኤምዲ ላይ አለመሆኑን አይቶ የኤምዲ ሞጁሉን ሊተወው ይችላል። ስለዚህ መስመሩን መመለስ ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና ሥሪና ኤምዲሬይድ የሚለውን ሞጁል በግድ አስገቢው።


ጀማሪው 21 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:20

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። እኔም አሮጌ ማሽን ላይ ስትነሳ «ኤምዲ0፦ ያልታወቀ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ» የሚል ይመጣል። የእኔም እንዲህ ሊሆን ነው?


ጋሽ ኮንሶል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:33

አይደለም፣ ተኛ። ኤምዲው ላይ ፓርቲሽን ሳትሠራ በቀጥታ ፋይል ሲስተም ወይም ኤልቪኤም አስቀምጠሃል። ከርነሉ ሰንጠረዥ ፈልጎ አላገኘም፣ ያንኑ ነው የሚናገረው። እስከ ዛሬ ስንት ሰው ያስደነገጠ መስመር ነው።

መቼም ካነሳችሁት፣ ኤምዲ ላይ ፓርቲሽን መሥራት ድሮ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ከ2.6.28 በፊት፣ ማለትም እስከ 2008 መጨረሻ ድረስ፣ ኤምዲ0 ፓርቲሽን አይቀበልም ነበር። ለዚያ ሲባል ኤምዲ_ዲ0 የሚባል ሌላ ዓይነት መሣሪያ መፍጠር ነበረብን። ቡት ላይ ከርነሉ ራሱ እንዲያስነሳው ከፈለግን ደግሞ በቡት መስመሩ «ሬይድ እኩል ይሆናል ፓርት» ብለን እንጽፍ ነበር። ከርነሉ በራሱ የሚያስነሳው 0.90 የሆነውንና የፓርቲሽን ዓይነቱ ኤፍዲ የተባለውን ብቻ ነው። ዛሬም ያው ነው። ሙሉ ዲስክ የፓርቲሽን ዓይነት ስለሌለው እዚያ አይገባም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወደ ኢኒትራምኤፍኤስ ሄደ። ጥሩ ሆነ። ግን አንድ መስመር ስትጎድል ዝም ብሎ በሌላ በር መግባትም አብሮ መጣ።


ብርሃንና ጥላ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:15

አልተኛሁም። 4 ቴራ ውጫዊ ዲስክ ከጓደኛ ተውሻለሁ። ምን ላድርግ?


ትርፍ ዲስክ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:40

እዚህ ሜሪላንድ ገና እኩለ ሌሊት አልሞላም፣ አይዞሽ አብሬሽ ነኝ።

ዕድልሽ፣ አሁን እየሠራ ያለው ሲስተም ሁለቱንም ትኩስ ጎን ያሳይሻል። ሩቱን ከኤስዲኤ፣ ፎቶውን ከኤስዲቢ። ስለዚህ ሳታጠፊያት ጀምሪ።

መጀመሪያ ዳታቤዙን አቁሚ። ሁለቱንም ወደ ውጫዊው ዲስክ በአርሲንክ ገልብጪ። ከፍተሽ አረጋግጪ፤ ከየወሩ ጥቂት ፎቶ፣ ዳታቤዙንም። ካልተረጋገጠ ወደ ቀጣዩ አትሂጂ።

ከዚያ ኤምዲ0ፒ1ን ለብቻው የሆነ ቦታ ስቀዪው። የአምስት ሳምንት ሽማግሌ የሆነው ሩት እሱ ነው። ከአሁኑ ሩት ወደ እሱ አርሲንክ አድርጊ፤ እዚህ የሌለው እዚያም እንዲጠፋ፣ ወደ ሌሎች የተሰቀሉ ዲስኮችም እንዳይገባ አድርገሽ። ሲያልቅ ኤስዲቢ የሁሉም አዲስ ቅጂ ያለው ሙሉ ዲስክ ይሆናል። የግረቡን መስመርና ኢኒትራምኤፍኤሱንም እዚያው ክሩት ገብተሽ (ያንን ሩት የራስሽ ሩት አድርገሽ) አስተካክዪ።

አሁን አጥፊያት። የኤስዲኤን ገመድ ንቀዪ። በኤስዲቢ ብቻ አስነሺ። ግረብ በሁለቱም ላይ ስላለ ይነሳል። ሩቱ ኤምዲ0ፒ1 ላይ መሆኑን ሳታዪ አትቀጥዪ።


ቶሎ መላሽ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:52

በዚህ ጊዜ ጠይቄ ልናገር። ከዚያ ኤስዲኤን ሪአድ ብትለው አይሻልም? ቢትማፕ (የተለወጡ ቦታዎች መዝገብ) ካለው የተለወጠውን ብቻ ይገለብጣል፣ አራት ሰዓት መጠበቅ የለባትም።


ጋሽ ኮንሶል | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:10

ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን በፍጹም። ቢትማፑም የኤምዲ መዝገብ ነው። ኤስዲቢ ላይ የተለወጠውን ያውቃል። ኤስዲኤ1 ላይ በጓሮ በር የተጻፈውን አያውቅም። ሪአድ ካልክ እነዚያ ብሎኮች እንደተለያዩ ይቀራሉ፣ ኤምዲስታት ግን ሁለት ዩ አሳይቶ ይስቃል። ከዚያ አንዱ ንባብ ከዚህ ሌላው ከዚያ ይመጣል። ፋይል ሲስተሙ ሲበላሽ ምክንያቱን የሚያገኝ ሰው የለም።

ልጄ፣ ኤስዲኤን ለብቻው ሰክተሽ ከላይቭ ፍላሽ ተነሺ። ላይቩ በራሱ ኤምዲ127 ብሎ ሊያነሳው ይችላል፤ መጀመሪያ አስቁሚው። ከዚያ ኤምዲአድም ዜሮ ሱፐርብሎክ፣ ቀጥሎ ዋይፕኤፍኤስ። ሰንጠረዡም ይጥፋ። ባዶ ይሁን። ከዚያ ሁለቱንም ሰክተሽ በኤስዲቢ አስነሺና አድ በዪው። ሪአድ አይደለም፣ አድ። ስትሰኪ የዲስኮቹን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ኤ እና ቢ የሚለው ስም ገመድ ሲነቀል ይቀያየራል። ብዙ ሰው የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ዩፒኤስም ተዋሽ።


የድሮ ሴክተር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:05

ዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። ለሌሎች አንድ ነገር ልጨምር፤ እሷ ኤምቢአር (የድሮው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ) ስለሆነች ተርፋለች።

ይኸው አሠራር በጂፒቲ (ቅጂውን መጨረሻ ላይም በሚያስቀምጠው አዲሱ ሰንጠረዥ) ሲሆን ከርነሉ ጥሬውን ዲስክ ሲያይ «ተለዋጭ ጂፒቲው ዲስኩ መጨረሻ ላይ የለም» ይላል። ልክ ነው፤ ተለዋጩ ያለው ኤምዲ0 መጨረሻ ላይ ነው፣ ኤምዲ0 ደግሞ ከዲስኩ ያጥራል። አንዳንድ የፓርቲሽን ፕሮግራም ይህን አይቶ «ላስተካክለው?» ይላችኋል። ጥሬው ዲስክ ላይ አዎ እንዳትሉ። ተለዋጩ ጂፒቲ የዲስኩን የመጨረሻ 33 ሴክተር ይወስዳል። የ1.0 ሱፐርብሎክ ከመጨረሻው 8 ኪሎባይት ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው። በላዩ ላይ ይጻፍበታል፣ ሬይዱ መታወቂያውን ያጣል።

እኔን የደረሰኝ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። ድሮ ጂፒቲ የነበረበትን ዲስክ ሳላጸዳ ሙሉውን 1.2 ሬይድ አደረግሁት። ጭራው ላይ አሮጌው ተለዋጭ ጂፒቲ ቀርቶ ኖሯል። አንድ ቀን የማዘርቦርዱ ፈርምዌር እሱን አግኝቶ «ዋናው ተበላሽቷል» ብሎ ከመጀመሪያው መልሶ ጻፈው። 1.2 ከመጀመሪያው 4 ኪሎባይት ላይ ነው፣ አለፈ። በነጋታው ሁለት ባዶ ዲስክ ይዤ ቁጭ አልኩ።

ስለዚህ እኔ አሁን መጀመሪያ ዲስኩን እከፋፍላለሁ፣ ከዚያ ፓርቲሽኖቹን አጣምራለሁ፣ በ1.2። ከርነሉ ፓርቲሽኑን ቢያይም የሚያየው እውነቱን ነው።


ትርፍ ዲስክ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:20

እስማማለሁ። የጫነላትን ልጅ ግን አልፈርድበትም። ባዮስ ሬይድ አያውቅም፤ እንዲህ ሲደረግ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሌላው ብቻውን ቡት ያደርጋል። እሱን አስቦ ነው።


ብርሃንና ጥላ | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:30

ደህና ናችሁ? መጣሁ።

መገልበጡ ሐሙስን ሙሉ ወሰደ። አርብ ኤምዲ0ፒ1ን ስሰቅለው አሮጌውን የጥር መጀመሪያ ቀጠሮ ዝርዝር አየሁት፤ ያኔ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። ቅዳሜ ኤስዲኤን ባዶ አደረግሁና አድ አልኩት። አምስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። መብራት አንድ ጊዜ ጠፋ፣ የተዋስኩት ዩፒኤስ ያዘው። እኔ ግን ልቤ ቆሞ ነበር።

ዛሬ ጋሼ በውስጥ መስመር እንደነገሩኝ ቼክ አስሮጥኩ። የልዩነት ቁጥሩ ዜሮ ነው። ሁለት ዩ አለ። ዲሜሴጅም «ኤምዲ0፦ ፒ1 ፒ2» ይላል።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ቀርቷል። ኤልኤስቢኤልኬ ሲባል ኤስዲኤ1 እና ኤስዲኤ2 አሁንም ይታያሉ። ባዶ አድርጌው አልነበረም እንዴ?


ጋሽ ኮንሶል | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:48

አድርገሻል። ሬይዱ ከኤስዲቢ ሲገለብጥ ሰንጠረዡንም አብሮ ገለበጠው፤ ሴክተር ዜሮም የሬይዱ ነው። ከዚያ ወዲህ አስነስተሻታልና ከርነሉ እንደ ልማዱ አነበበው። ይታይ። አሁን ኤምዲ ይዞታል። ካላመንሽ ኤስዲኤ1ን ማውንት አድርጊው፣ እምቢ ይልሻል።


ብርሃንና ጥላ | እሁድ፣ ከምሽቱ 1:53

እምቢ አለ። 😂 ሻይ ከእኔ፣ ሐዋሳ የመጣ ሁሉ።


ጀማሪው 21 | እሁድ፣ ከምሽቱ 2:15

ጋሼ፣ የእኔ ኤምዲ0 ደግሞ ዛሬ ኤምዲ127 ሆኖ ተነሳ። አዲስ ክር ልክፈት?


ጋሽ ኮንሶል | እሁድ፣ ከምሽቱ 2:17

ክፈት። ከመክፈትህ በፊት ግን ኤምዲአድም ኮንፍ ውስጥ የሬይዱ መስመር ካለ እይ፤ ካለም ኢኒትራምኤፍኤሱ ውስጥ ያለው ቅጂ ያው መሆኑን አረጋግጥ። ኤፍኤስታብህ (ምን የት እንደሚሰቀል የሚናገረው ፋይል) ላይ ደግሞ ኤምዲ0 ብለህ ከጻፍክ አውጣውና ዩዩአይዲ አድርገው።